መካከለኛ ደረጃ ትምህርት በአሶሳና በቤኒሻንጉል ጉሙዝ፦ የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ታሪካዊ ጉዞ

አሕጽሮተ ጥናት

ይህ አጭር ጽሑፍ በኢትዮጵያ የትምህርት መዋቅር ውስጥ የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ቦታ ከድኅረ ነጻነት ዘመን እስከ አዲሱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ድረስ እንዴት እንደተለዋወጠ ይመረምራል፤ ለውጡም በአሶሳና በአሁኑ የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ምን ትርጉም እንደነበረው ይተነትናል። ጽሑፉ የፖሊሲ ሰነዶችን፣ የሕዝብና ቤት ቆጠራ ውጤቶችንና ስለ ትምህርት ታሪክ የታተሙ ሥራዎችን መሠረት ያደርጋል። ዋናው መከራከሪያው የሚከተለው ነው፦ መካከለኛው ደረጃ ራሱን ችሎ በቆመባቸው ዘመናት በአንድ የዕድሜ ነጥብ ላይ ሦስት ደፎች ተደራርበዋል፤ እነርሱም የቦታ፣ የቋንቋና የፈተና ደፎች ናቸው። የ1986ቱ ፖሊሲ የቦታውን ደፍ ዝቅ ሲያደርግ የቋንቋውን በነበረበት ትቶታል። የ6-2-4 መዋቅር መመለስ ደግሞ የቦታውን ደፍ እንደገና ከፍ ሊያደርገው ይችላል። ስለዚህ መካከለኛው ደረጃ በየትኛው ግቢ ውስጥ ይቀመጥ የሚለው ጥያቄ ከአስተዳደራዊ ጉዳይነት አልፎ የፍትሐዊነት ጥያቄ ይሆናል።

ቁልፍ ቃላት፦ መካከለኛ ደረጃ፣ መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ፣ አሶሳ፣ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ፣ የማስተማሪያ ቋንቋ፣ የትምህርት መዋቅር

(በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት «እ.ኤ.አ.» ካልተባለ በስተቀር በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።)

1. መግቢያ

ስለ ኢትዮጵያ ዘመናዊ ትምህርት የተጻፉ የታሪክ ሥራዎች በአብዛኛው በሁለት ጫፎች ላይ ያተኩራሉ። በአንድ በኩል የአንደኛ ደረጃ ትምህርት መስፋፋት፣ በሌላ በኩል የከፍተኛ ትምህርት መመሥረትና የተማሪዎች እንቅስቃሴ ሰፊ ቦታ ያገኛሉ። በመካከል ያሉት ሁለት ክፍሎች፣ 7ኛና 8ኛ፣ አንዳንዴ የአንደኛ ደረጃ ጅራት፣ አንዳንዴም የሁለተኛ ደረጃ ራስ እየተባሉ ታልፈዋል። ሆኖም አንድ ልጅ ትምህርቱን ይቀጥል ወይስ ያቋርጥ የሚለው ጉዳይ ለበርካታ ትውልዶች የተወሰነው በእነዚሁ ክፍሎች መግቢያና መውጫ ላይ ነበር።

አሶሳ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 670 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በሱዳን ድንበር አቅራቢያ የምትገኝ የክልል ርእሰ ከተማ ናት። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የከተማዋ ነዋሪ 24,214፣ የክልሉ ሕዝብ ደግሞ 784,345 ነበር። በዚሁ ቆጠራ መሠረት ከክልሉ ነዋሪ በርታ 25.9 በመቶ፣ አማራ 21.25 በመቶ፣ ጉሙዝ 21.11 በመቶ፣ ኦሮሞ 13.32 በመቶ፣ ሺናሻ 7.59 በመቶ ነበሩ። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው። ጥቂት ከተሞች፣ ሰፊ የገጠር መሬትና የቋንቋ ብዝኃነት በአንድነት የሚገኙበት እንዲህ ያለ ክልል የመዋቅር ለውጥን ውጤት ለመመርመር ጥሩ መስታወት ነው። በአዲስ አበባ በአንድ ወረዳ ውስጥ ከአንዱ ትምህርት ቤት ወደ ሌላው መሻገር የአንድ ታክሲ ጉዞ ሊሆን ይችላል፤ በሸርቆሌ ወይም በጉባ ገጠር ግን ከቤት መለየትን ሊያስከትል ይችላል።

2. የትንተና ማዕቀፍ፦ ሦስቱ ደፎች

መካከለኛ ትምህርት ቤት በሌላው ዓለም የተወለደበት ምክንያት ከኢትዮጵያው ይለያል። በአሜሪካ የመጀመሪያዎቹ «ጁኒየር» ትምህርት ቤቶች በኮሎምበስ ኦሃዮና በበርክሌይ ካሊፎርኒያ በ1909ና በ1910 እ.ኤ.አ. ሲከፈቱ፣ ከመነሻዎቹ አንዱ ወደ ጉርምስና የሚገቡ ልጆች ከሕፃናትም ከትልልቆቹም የተለየ አያያዝ ያስፈልጋቸዋል የሚል አስተሳሰብ ነበር። በእንግሊዝም ከ1967 እ.ኤ.አ. የፕላውደን ሪፖርት በኋላ የተስፋፉት መካከለኛ ትምህርት ቤቶች በልጅ ዕድገት ላይ የተመሠረተ ክርክር ነበራቸው።

በኢትዮጵያ ግን ይህ ደረጃ የታሰበው በዋናነት እንደ መሸጋገሪያና እንደ መለያ ነው። ጥቂቶችን ወደ ሁለተኛ ደረጃ ያሻግራል፤ የቀሩትን ደግሞ ለሥራ ያሰናብታል። ስለዚህ እዚህ ላይ «ደፍ» የሚለው ቃል የተሻለ ገላጭ ይሆናል። ይህ ጽሑፍ ሦስት ደፎችን ይለያል። የቦታ ደፍ ተማሪው ወደ ቀጣዩ ክፍል ለመግባት የሚያቋርጠው ርቀትና የሚያወጣው ወጪ ነው። የቋንቋ ደፍ የማስተማሪያ ቋንቋ የሚቀየርበት ነጥብ ነው። የፈተና ደፍ ማለፍና መውደቅ የሚወሰንበት አገራዊ ወይም ክልላዊ ምዘና ነው። ሦስቱ በተለያዩ ክፍሎች ላይ ሲሰራጩ ተማሪው አንዱን አልፎ ለሌላው ይዘጋጃል፤ በአንድ ክፍል ላይ ሲገጣጠሙ ግን አንዱ የሌላውን ጫና ያከብደዋል።

የመዋቅሩ አጠቃላይ ሂደት በአጭሩ እንደሚከተለው ሊቀመጥ ይችላል።

ሀ) ከነጻነት በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ዓመታት፦ 6-6፣ ቀጥሎም 8-4
ለ) ከ1956 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ፦ 6-2-4፣ 7ኛና 8ኛ ክፍል «መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ»
ሐ) ከ1986 ዓ.ም. ፖሊሲ ጀምሮ፦ 8-2-2፣ 7ኛና 8ኛ ክፍል በአንደኛ ደረጃ ሁለተኛ ሳይክል ውስጥ
መ) በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት፦ 6-2-4፣ 7ኛና 8ኛ ክፍል «መካከለኛ ደረጃ»

3. መነሻው፦ ከመንግሥት ትምህርት ቤት በፊትና በመጀመሪያዎቹ ዓመታት

በበርታ ምድር ትምህርት ከመንግሥት ትምህርት ቤት ጋር አልተጀመረም። አካባቢው በ1890 ዓ.ም. ገደማ በራስ መኰንን ዘመቻ በኢትዮጵያ ግዛት ሥር ከመዋሉ በፊት፣ ከሱዳን ጋር በነበረው የንግድና የሃይማኖት ትስስር የቁርአን ትምህርት ሥር ሰዶ ነበር። በሼህ ሆጀሌ አል ሐሰን የአስተዳደር ዘመንም አረብኛ የንግድና የመጻጻፊያ ቋንቋ ሆኖ ቆይቷል። እስከ ዛሬም በርካታ የበርታ ተወላጆች የሱዳን አረብኛን እንደ ሁለተኛ ቋንቋ ይናገራሉ። የመንግሥት ትምህርት ቤት ወደ አካባቢው የመጣው እንግዲህ ቀድሞ ፊደልና መምህር ወደሚያውቅ፣ ነገር ግን ፊደሉም ቋንቋውም ከአማርኛ ወደተለየ ማኅበረሰብ ነው።

አሶሳ ከጣሊያን ይዞታ የተላቀቀችው በመጋቢት 1933 ዓ.ም. ከቤልጅግ ኮንጎ የመጣው ጦር ከተማዋን በያዘ ጊዜ ነበር። ከዚያ በኋላ በተዘረጋው አስተዳደር አሶሳ የወለጋ ጠቅላይ ግዛት አንድ አውራጃ ሆነች፤ መተከል ደግሞ ርእሰ ከተማውን ቻግኒ ላይ አድርጎ በጎጃም ሥር ነበር። ይህ የአስተዳደር ክፍፍል ለትምህርት ታሪኩ ቁልፍ ነው። በዘመኑ ከፍ ያሉ ክፍሎች በቅድሚያ የሚከፈቱት በጠቅላይ ግዛትና በአውራጃ ከተሞች ስለነበር፣ አሶሳ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የምትመለከተው ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ወደምትርቀው ወደ ነቀምቴ አቅጣጫ ነበር። የአሁኑ ክልል ሁለት ትልልቅ ክፍሎች፣ አሶሳና መተከል፣ በዓባይ ወንዝ ተለያይተው የየራሳቸውን የትምህርት ማዕከል በተለያየ አቅጣጫ ያዩ ነበር ማለት ነው።

4. መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ፦ 1956–1966 ዓ.ም.

በግንቦት 1961 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ የተካሄደው የአፍሪካ አገሮች የትምህርት ጉባኤ ኢትዮጵያ በትምህርት ሽፋን ከብዙ የአህጉሩ አገሮች ወደ ኋላ መቅረቷን በግልጽ አሳየ። ከጉባኤው በኋላ የመጣው ለውጥ የመጀመሪያውን ደረጃ ከስምንት ዓመት ወደ ስድስት ዝቅ አደረገው፤ 7ኛና 8ኛ ክፍልም «መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ» ተብለው ተለዩ። በአገሬው አነጋገር «ጁኒየር» የተባለው ይኸው ነው። በዚሁ ለውጥ አማርኛ እስከ 6ኛ ክፍል የማስተማሪያ ቋንቋ ሆነ፤ እንግሊዝኛ ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ ቦታውን ተረከበ። በ6ኛ ክፍል መጨረሻ አገር አቀፍ ፈተና ነበር፤ በ8ኛ ክፍል መጨረሻ ደግሞ ሕዝቡ እስከ ዛሬ «ሚኒስትሪ» የሚለው ፈተና ነበር።

ሦስቱ ደፎች ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ነጥብ የተገጣጠሙት እዚህ ላይ ነው። የ6ኛ ክፍል ተማሪ ፈተና ያልፋል፤ ካለፈ በኋላ መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ወዳለበት ከተማ ይሄዳል፤ በዚያም ትምህርቱን በእንግሊዝኛ ይቀበላል። አማርኛን በቤቱ ለሚናገር ልጅ የቋንቋው ለውጥ ከሁለት ቋንቋ አንዱን መቀየር ነበር። የበርታ፣ የጉሙዝ ወይም የሺናሻ ልጅ ግን በ1ኛ ክፍል ከቤቱ ቋንቋ ወደ አማርኛ፣ በ7ኛ ክፍል ደግሞ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ይሻገራል። ገና የመጀመሪያውን መሻገሪያ ሳያረጋጋ ሁለተኛው ይደርስበታል።

መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ መምህራን ያስፈልጉት ነበር፤ አገሪቱ ግን የሚበቃ የሠለጠነ መምህር አልነበራትም። ክፍተቱን ለመሙላት ሁለት መንገዶች ተከፈቱ። በ1955 ዓ.ም. መግቢያ የአሜሪካ የሰላም ጓድ የመጀመሪያ ቡድን ከ270 በላይ በጎ ፈቃደኞችን ይዞ ገባ፤ አብዛኞቹ በመለስተኛና በከፍተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተመደቡ። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በክፍለ ሀገር እንዲያገለግሉ ተደነገገ፤ አብዛኞቹ የተሰማሩት በማስተማር ነበር። ሁለቱም መፍትሔዎች ጊዜያዊ ነበሩ። መምህሩ አካባቢውን ሲለምድ የአገልግሎት ዘመኑ ያበቃል። ከዚህ የተነሳ 7ኛና 8ኛ ክፍል በየጊዜው የሚለዋወጥ እንግዳ መምህር ያለበት ደረጃ ሆኖ ኖረ፤ ከአካባቢው ቋንቋ ተናጋሪዎች መካከል የሚወጣ መምህር ግን እጅግ ጥቂት ነበር።

በዘመኑ ማብቂያ የቀረበው የትምህርት ሴክተር ግምገማ ከዚህ ችግር ጋር ይያያዛል። ግምገማው ብዙኃኑ ልጅ ለአራት ዓመት የሚዘልቅ መሠረታዊ ትምህርት እንዲያገኝ፣ ከዚያ በላይ ያለው ግን በጥንቃቄ እንዲመጠን ሐሳብ አቀረበ። ወላጆችና መምህራን ይህን የተረዱት የድሃ ልጅ ከመካከለኛው ደረጃ በፊት እንዲቆም የሚያደርግ ዕቅድ አድርገው ነበር። በየካቲት 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ ሲያቆሙ ከጥያቄዎቻቸው አንዱ የዚህ ዕቅድ መሰረዝ ነበር፤ መንግሥትም ዕቅዱን አቆመው። በኢትዮጵያ የፖለቲካ ታሪክ ውስጥ «ልጄ ከስንተኛ ክፍል በላይ ይማራል?» የሚለው ጥያቄ ከአብዮቱ መቀስቀሻዎች አንዱ መሆኑን ማስታወስ ለዛሬው ክርክርም ይጠቅማል።

5. አብዮት፣ ሰፈራና ጦርነት፦ 1967–1983 ዓ.ም.

ደርግ የ6-2-4 መዋቅርን አልቀየረም። ሆኖም የአካባቢውን የሕዝብ አሰፋፈር በመቀየር በትምህርት ቤቱ ላይ ታላቅ ተጽዕኖ አሳደረ። በ1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት ዘመቻ 60,000 ገደማ ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር አሰማራ። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ደግሞ ቀስ በቀስ በ15 ቋንቋዎች ተካሄደ። ከ15ቱ መካከል ግን በርታ፣ ጉሙዝም ሆነ ሺናሻ አልነበሩም። ዘመቻው ለብዙ ቋንቋዎች የጽሑፍ ልምድ ሲያስገኝ የዚህን አካባቢ ቋንቋዎች ሳይነካ አለፈ። ይህ ክፍተት ከሁለት አሥርት ዓመታት በኋላ የአፍ መፍቻ ቋንቋ ትምህርት ሲታሰብ ሥራው ከፊደል ቀረጻ እንዲጀመር አስገድዷል።

በ1971ና በ1972 ዓ.ም. ከወሎ የመጡ አርሶ አደሮች በአሶሳ ዙሪያ ሰፈሩ። ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ ደግሞ በመተከል፣ በፓዌ፣ በጣና በለስ ፕሮጀክት ሥር ከዚያ የሰፋ ሰፈራ ተካሄደ፤ የፓዌ መንደሮች እስከ ዛሬ በቁጥር ይጠራሉ። ሰፈራው ለትምህርት ቤት ሁለት ገጽታ ነበረው። በታቀዱ መንደሮች የተሰባሰበ ሕዝብ ትምህርት ቤት ለመክፈት ይመቻል፤ አማርኛ ተናጋሪ በመሆኑም በማስተማሪያ ቋንቋው ምክንያት የሚገጥመው ችግር አነስተኛ ነበር። በአንጻሩ ተበታትነው የሚኖሩና በተዘዋዋሪ እርሻ የሚተዳደሩ የጉሙዝ ማኅበረሰቦች በሰፈራው ከመሬታቸው ሲገፉ ከትምህርት ማዕከሎችም ይበልጥ ራቁ። በአንድ አውራጃ ውስጥ ለሁለት ማኅበረሰቦች የመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ በር እኩል አልተከፈተም ማለት ነው።

በ1980ዎቹ መጀመሪያ በኢሕዲሪ ሕገ መንግሥት መሠረት አሶሳና መተከል ራሳቸውን የቻሉ አስተዳደር አካባቢዎች ሆኑ። ይህ ለአሶሳ የአስተዳደር ማዕከልነትን ቢያመጣም የሰላም ዘመን አልነበረም። ከተማዋ በ1982 ዓ.ም. በአማፅያን ጦር የተያዘች ሲሆን፣ በአካባቢው ተጠልለው የነበሩ የሱዳን ስደተኞችና ነዋሪዎች ተፈናቅለዋል።

6. መካከለኛው ደረጃ ሲዋሐድ፦ ከ1986 እስከ 2014 ዓ.ም.

የሽግግር መንግሥቱ በ1984 ዓ.ም. ባወጣው አዋጅ ቁጥር 7 ክልሎችን ሲመሠርት የአሶሳና የመተከል አካባቢዎች በአንድ ክልል ተጠቃለሉ። የድንበር አከላለሉ በትምህርት ረገድ ያስከተለው ነገር ብዙም ትኩረት አላገኘም፦ የመተከል አውራጃ ማዕከል የነበረችው ቻግኒ በአማራ ክልል ቀረች። አዲሱ የመተከል ዞን በጊልገል በለስ አዲስ ማዕከል መገንባት ነበረበት። ስለዚህ ክልሉ ሲመሠረት ከቀድሞው ሥርዓት የወረሰው የመለስተኛና የከፍተኛ ሁለተኛ ደረጃ መሠረት ከሌሎች ክልሎች አንጻር የሳሳ ነበር።

በሚያዝያ 1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አንደኛ ደረጃን ስምንት ዓመት አድርጎ በሁለት ሳይክል ከፈለው፤ ከ1ኛ እስከ 4ኛ መሠረታዊ፣ ከ5ኛ እስከ 8ኛ አጠቃላይ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ሆኑ። «መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ» የሚለው ስም ከመዋቅሩ ወጣ። የ8ኛ ክፍል ፈተና ከአገር አቀፍነት ወደ ክልላዊነት ተሸጋገረ። አንድ የገጠር ትምህርት ቤት በየዓመቱ አንድ ክፍል እየጨመረ ከ4ኛ ወደ 5ኛ፣ ከ6ኛ ወደ 7ኛ ማደግ የሚችልበት መንገድ ተከፈተ። የቦታው ደፍ ዝቅ ያለው በዚህ መንገድ ነው። ልጁ በዚያው ግቢ፣ በዚያው የውኃና የማገዶ መንገድ ላይ ሆኖ እስከ 8ኛ ክፍል የመማር ዕድል አገኘ።

ይህ ለሴት ልጆች የነበረው ትርጉም የተለየ ነው። 7ኛና 8ኛ ክፍል ልጃገረዶች 13ና 14 ዓመት የሚሞላቸው ጊዜ ነው። በጉሙዝ ማኅበረሰብ ዘንድ በስፋት የተጠናው የእኅት ልውውጥ ጋብቻ ልጃገረድን ለወንድሟ ሚስት ማግኛ ዋስትና ስለሚያደርጋት ውሳኔው በዚሁ ዕድሜ ዙሪያ ይወድቃል። ትምህርት ቤቱ በመንደሩ ሲሆን ልጅቷ የቤተሰቧን ግዴታ እየተወጣች ልትማር ትችላለች። ሩቅ ከተማ ሲሆን ግን ወላጅ በአንድ ጊዜ በሁለት ነገር ይፈራል፤ በደኅንነቷና በጋብቻ ውሏ።

የቋንቋው ደፍ ግን አልተነካም። በክልሉ አማርኛ የመጀመሪያዎቹ ክፍሎች የማስተማሪያ ቋንቋ ሆኖ ሲቀጥል፣ እንግሊዝኛ ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ የመግባቱ የቀድሞ ልማድም ቀጠለ። በ2006 እ.ኤ.አ. በትምህርት ሚኒስቴር ጠያቂነት የተካሄደ አገር አቀፍ የማስተማሪያ ቋንቋ ጥናት፣ እስከ 8ኛ ክፍል በአፍ መፍቻ ቋንቋ የተማሩ ተማሪዎች በ8ኛ ክፍል ምዘና በሒሳብና በሳይንስ የተሻለ አማካይ ውጤት እንዳሳዩ አመልክቷል። በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ የክልሉ ትምህርት ቢሮ ከአጋሮች ጋር በመሆን በበርታ፣ በጉሙዝና በሺናሻ ቋንቋዎች ትምህርት መስጠት ጀመረ። እርምጃው ታላቅ ነው፤ ነገር ግን በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች የተወሰነ በመሆኑ መካከለኛው ደረጃ ላይ አልደረሰም። በአፍ መፍቻ ቋንቋው የጀመረ ልጅ 7ኛ ክፍል ሲደርስ ሦስተኛ የትምህርት ቋንቋውን ይገናኛል፤ የበርታና የጉሙዝ ጽሑፍ በላቲን ፊደል፣ አማርኛው በግዕዝ ፊደል በመሆኑም ሁለት ሥርዓተ ጽሕፈት በአንድነት ይሸከማል።

ውህደቱ ሌላም ዋጋ ነበረው። ከ1ኛ እስከ 4ኛ አንድ መምህር ሁሉንም ትምህርት ያስተምራል፤ በ7ኛና በ8ኛ ክፍል ግን ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ለየብቻ ይሰጡ ነበር። ትንሽ የገጠር ትምህርት ቤት ለእያንዳንዱ የትምህርት ዓይነት የሠለጠነ መምህርና ቤተ ሙከራ ማግኘት አይችልም። ስለዚህ ትምህርት ቤቱ ወደ ልጁ ሲቀርብ የትምህርቱ ይዘት ሳሳ። የጊልገል በለስ መምህራን ትምህርት ኮሌጅ በዲፕሎማ የሚያሠለጥናቸው መምህራን ለዚህ ችግር ክልላዊ ምላሽ ነበሩ፤ የአካባቢውን ቋንቋ የሚናገር መምህር ለመጀመሪያ ጊዜ በተከታታይ የሚፈራበት ተቋም ተገኘ።

7. የተመለሰው መዋቅር

በ2010 ዓ.ም. ለውይይት የቀረበው የትምህርትና ሥልጠና ፍኖተ ካርታ የትምህርት ጥራት መውረዱን ከገመገመ በኋላ ወደ 6-2-4 መመለስን መከረ። በ2015 ዓ.ም. ተግባራዊ መሆን በጀመረው አዲስ ሥርዓተ ትምህርት 7ኛና 8ኛ ክፍል «መካከለኛ ደረጃ» ተብለው እንደገና ራሳቸውን ችለዋል። በዚሁ ዓመትም የሚኒስትሮች ምክር ቤት አዲሱን የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አጽድቋል። የ6ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ተመልሷል፤ የ8ኛ ክፍሉም ቀጥሏል።

ይዘቱ ከ1956ቱ መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ የተለየ ነው። ሦስቱ የሳይንስ ትምህርቶች በ«አጠቃላይ ሳይንስ» ተጠቃልለዋል፤ የሥራና ቴክኒክ ትምህርት፣ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ፣ የክዋኔና የእይታ ጥበባት፣ የዜግነት ትምህርት ተካተዋል። በጥቂት መምህራን ለሚሠራ የገጠር ትምህርት ቤት የሳይንሱ መጠቃለል እፎይታ ነው። የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂና የቴክኒክ ትምህርት መጨመር ግን መብራት፣ ኮምፒውተርና የሥራ ክፍል ለሌላቸው ትምህርት ቤቶች አዲስ ሸክም ነው። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ በጉባ ወረዳ የተገነባ ቢሆንም በዙሪያው ያሉ የገጠር ትምህርት ቤቶች የመብራት ጥያቄ ገና የሚነሳ ነው።

የለውጡ ጊዜም ከባድ ነበር። ከመስከረም 2011 ዓ.ም. ጀምሮ በካማሺ፣ ከዚያም በመተከል የተከሰተው ግጭት በርካታ ቤተሰቦችን አፈናቅሏል፤ ትምህርት ቤቶችንም ዘግቷል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ደግሞ በኮቪድ ምክንያት የአገሪቱ ትምህርት ቤቶች ሁሉ ተዘጉ። በእነዚያ ዓመታት 3ኛና 4ኛ ክፍል የነበሩ ልጆች አዲሱ መካከለኛ ደረጃ ሲጀመር ወደ በሩ የደረሱ ናቸው። የተመለሰው የ6ኛ ክፍል ፈተና የሚመዝነው እንግዲህ የተማሪውን ችሎታ ብቻ ሳይሆን ትምህርት ቤቱ ክፍት የነበረባቸውን ወራት ጭምር ነው።

8. ውይይት

ከላይ የቀረበው ሂደት ለአሶሳ ከተማና ለክልሉ ገጠር የተለያየ ትርጉም አለው። በከተማው መካከለኛ ደረጃን በራሱ ግቢ ማደራጀት ጥቅሙ ይጎላል። ተማሪው በእግሩ ይደርሳል፤ መምህራን በየትምህርት ዓይነቱ ይሰባሰባሉ፤ ቤተ ሙከራና የኮምፒውተር ክፍል በጋራ ይገለገሉበታል። የከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት የአንደኛ ደረጃን መጨናነቅ ለማቃለልም ይረዳዋል። በገጠር ወረዳዎች ግን ተመሳሳይ አደረጃጀት የቀድሞውን የቦታ ደፍ ከፈተናውና ከቋንቋው ጋር በ7ኛ ክፍል በር ላይ ይመልሰዋል።

የኬንያ ተሞክሮ እዚህ ላይ ያስተምራል። ኬንያ 8-4-4 የተባለውን መዋቅር ትታ ከ7ኛ እስከ 9ኛ ያለውን መለስተኛ ደረጃ በጥር 2023 እ.ኤ.አ. ስትጀምር፣ ክፍሎቹ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ይቀመጡ የሚለው የቀድሞ ሐሳብ ተለወጠ፤ በአንደኛ ደረጃ ግቢ ውስጥ እንዲቆዩ ተወሰነ። ከምክንያቶቹ አንዱ ልጆች ገና በለጋ ዕድሜ ከቤታቸው ርቀው እንዳይሄዱ ነበር። ውሳኔው የሳይንስ መምህርና የቤተ ሙከራ እጥረት አስከትሏል፤ ይሁን እንጂ መምህርን ወደ ልጁ ማምጣት ልጁን ወደ መምህሩ ከመላክ ይልቅ መንግሥት ሊሸከመው የሚገባ ወጪ ነው የሚለውን መርሕ ያንጸባርቃል።

የተቃራኒው መከራከሪያም ክብደት አለው። ከ1986 በኋላ በየመንደሩ የተከፈቱ 7ኛና 8ኛ ክፍሎች በስም መካከለኛ፣ በይዘት ግን ደካማ ከሆኑ፣ ልጁ በቅርብ ተምሮ በ9ኛ ክፍል በር ላይ ይወድቃል፤ ደፉ ጠፋ ሳይሆን ወደ ፊት ተገፋ ማለት ነው። ስለዚህ ቅርበትን ብቻ የሚጠብቅ ፖሊሲ በቂ አይደለም። የታሪኩ ትምህርት ሦስቱ ደፎች በአንድ ክፍል ላይ እንዳይገጣጠሙ ማድረግ ነው። ፈተናው በ6ኛ ክፍል ከሆነ የቋንቋው ለውጥ በዚያው ዓመት መውደቅ የለበትም፤ ቋንቋው በ7ኛ ክፍል ከተለወጠ ደግሞ ትምህርት ቤቱ ሩቅ መሆን የለበትም።

9. መደምደሚያ

የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ታሪክ በአሶሳና በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ሲታይ ከአንድ መዋቅር ወደ ሌላ የተደረገ የቁጥር ለውጥ ብቻ አይደለም። የ1956ቱ ሥርዓት ደረጃውን ለይቶ በከተሞች አከማቸው፤ የሰፈራው ዘመን ተደራሽነቱን በማኅበረሰቦች መካከል አበላለጠው፤ የ1986ቱ ፖሊሲ ወደ መንደር አቀረበው፤ ነገር ግን አሳሳው። አዲሱ መካከለኛ ደረጃ የመጀመሪያውን ጥንካሬና የሁለተኛውን ቅርበት አንድ ላይ ይዞ መሄድ ይችል እንደሆነ በሚቀጥሉት ዓመታት የሚታይ ነው።

ከትንተናው ሦስት ሐሳቦች ይመነጫሉ። አንደኛ፣ በገጠር ወረዳዎች መካከለኛው ደረጃ በተቻለ መጠን በነባሩ አንደኛ ደረጃ ግቢ ወይም በአጠገቡ ይቆይ፤ ይህ በማይቻልበት ቦታ በተለይ ለሴት ተማሪዎች ደኅንነቱ የተጠበቀ ማደሪያ አብሮ ይታቀድ። ሁለተኛ፣ በርታ፣ ጉሙዝና ሺናሻ ቢያንስ እንደ ትምህርት ዓይነት እስከ 8ኛ ክፍል ይዝለቁ፤ ወደ እንግሊዝኛ የሚደረገው ሽግግርም በ5ኛና በ6ኛ ክፍል የሚጀምር የመሸጋገሪያ ትምህርት ይኑረው። ሦስተኛ፣ ፍኖተ ካርታው የመምህራንን ደረጃ ወደ መጀመሪያ ዲግሪ ከፍ ለማድረግ ሲያልም፣ ከጊልገል በለስ ኮሌጅ የወጡ የአካባቢው ቋንቋ ተናጋሪ ዲፕሎማ መምህራን ከደረጃው እንዳይገለሉ በአሶሳ ዩኒቨርሲቲ የማሻሻያ ሥልጠና ቅድሚያ ይሰጣቸው።

ለቀጣይ ምርምርም ሰፊ መስክ አለ። በየትምህርት ቤቱ መዝገብ ቤት የሚገኙ የምዝገባ መዛግብትና የፈተና ውጤት ዝርዝሮች ከአንድ ግቢ ወደ ሌላ የተሻገሩና በመንገድ የቀሩ ተማሪዎችን ቁጥር በክፍል፣ በጾታና በቋንቋ ለመከታተል ያስችላሉ። መዛግብቱ በእርጅና፣ በምስጥና በመፈናቀል ከመጥፋታቸው በፊት በዲጂታል መልክ ቢሰበሰቡ የመካከለኛው ደረጃ ታሪክ ከፖሊሲ ሰነድ ወርዶ በክፍሉ ውስጥ በተቀመጡት ልጆች ደረጃ ሊጻፍ ይችላል።